ብረትና ኬሚስትሪ በአንድ ግቢ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ መንገደኛ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዝ ማክሰኝትን ያገኛል፤ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከከተማዋ ወደ ጣና የሚዘረጋው ሜዳ መረሬ ነው። ጤፉም ሽምብራውም ያምርበታል፤ ክረምት ላይ እግር ይይዛል፣ በጋው ሲጠና ደግሞ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ለገበሬው ሲሳይ የሆነው ይህ ጥቁር አፈር ለተቀበረ ብረት ግን ክፉ ነው። በክረምት ውሃ ስለሚጠግብ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያስተላልፋል፤ በበጋ ስንጥቁ አየር እስከ ታች ያወርዳል። ብረት ለመዛግ የሚሻው እነዚህኑ ውሃና አየርን ነው። የአንድ ቱቦ አንዱ ወገን አየር እያገኘ ሌላው ወገን በታፈነ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ደግሞ የሚበላው አየር ያገኘው ሳይሆን የታፈነው ነው። መጀመሪያ ለሚሰማው ሰው ነገሩ የተገለበጠ ይመስላል። እውነቱ ግን ይኸው ነው፤ ያወቁትም ዕድሜያቸውን ለዝገት ጥናት የሰጡ ምሁራን ናቸው።

በአገራችን እነዚህ ምሁራን በራሱ ስም በቆመ አንድ ተቋም ውስጥ አልተሰባሰቡም። ታሪካቸው የሚገኘው በሌሎች ተቋማት ታሪክ ውስጥ ነው፤ በመድፍ ማቅለጫ፣ በሙያ ትምህርት ቤት፣ በፖሊቴክኒክ፣ በኬሚስትሪ ክፍል። ይህን ታሪክ ስከታተል ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይገጥመኛል። ዕውቀቱ የሚፋፋው ብረት ሠሪውና ኬሚስቱ ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው፤ ሲለያዩ ይቀጭጫል። ፖሊ የሚባለው የባሕር ዳሩ ፖሊቴክኒክ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ግቢ ይዞ የተወለደ ትምህርት ቤት ነበር።

ወደ ፖሊ ከመድረሳችን በፊት ጥናቱ ከየት እንደመጣ ማየት ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የእንጨት መርከቦቹን ሆድ ከባሕር ትል ለመጠበቅ በመዳብ ቆርቆሮ ያለብሳቸው ነበር። መዳቡን ግን ጨዋማው ውሃ ይበላዋል። መላ እንዲፈልግ የተጠየቀው ታላቁ ኬሚስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነበር። ዴቪ በ1824 አንድ ድንቅ ነገር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፤ በመዳቡ ላይ ትንሽ የዚንክ ወይም የብረት ቁራጭ ቢገጠም ቁራጩ እየተበላ መዳቡ ይተርፋል። በመርከብ ላይ ተሞከረ፤ መዳቡም እንደተባለው አልተበላም። ሆኖም ማንም ያላሰበው ነገር መጣ። ለካስ ቀስ እያለ የሚሟሟው መዳብ የባሕር አረሙንና በመርከብ ሆድ ላይ የሚለጠፉትን ዛጎል ለባሽ ፍጥረታት ይመርዝ ኖሯል። መሟሟቱ ሲቆም አረሙም ዛጎሉም ተለጠፈበት፣ መርከቦቹም ዘገዩ። ባሕር ኃይሉ ዘዴውን ተወው። ኬሚስትሪው አንዳች ስሕተት አልነበረበትም። የጎደለው የመርከበኛው ዕውቀት ነው። ይህ ታሪክ ለማንኛውም የዝገት ተመራማሪ የመጀመሪያ ትምህርት ሊሆን የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

የዴቪ ሐሳብ ግን አልሞተም። እ.ኤ.አ. በ1837 ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል ብረትን በቀለጠ ዚንክ ውስጥ ነክሮ የማውጣት ዘዴ አስመዘገበ። ዛሬ በማክሰኝት ቤቶች ላይ የሚያብረቀርቀው ቆርቆሮ የዚያ ዘዴ ውጤት ነው። ዚንኩ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛ ብረቱን ከውሃና ከአየር ይጋርዳል። ሁለተኛ ቆርቆሮው ተጭሮ ብረቱ ቢገለጥ እንኳ ጭረቱ ጠባብ እስከሆነ ድረስ ዚንኩ በብረቱ ፋንታ ይበላል። ስለዚህ የአንድ ክዳን ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው በዚንኩ ውፍረት ነው። በሁለቱ ገጽ ድምር በካሬ ሜትር 275 ግራም ዚንክ የለበሰ ቆርቆሮ በእያንዳንዱ ገጽ 20 ማይክሮን ገደማ ሽፋን አለው፤ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። በዓመት አንድ ማይክሮን ቢበላ ሃያ ዓመት ይቆያል፣ ግማሹን ዚንክ የያዘ ቆርቆሮ ደግሞ የዚያን ግማሽ። ሁለቱ በሱቅ በር ላይ ሲደረደሩ እኩል ያብረቀርቃሉ። ገዢው ጌጁን ጠይቆ ይገዛል፣ የዚንኩን መጠን ግን የሚነግረው የለም። የማድ ቤት ቆርቆሮ ከሳሎኑ ቀድሞ የሚበሳውም በምክንያት ነው። የማገዶ ጭስ የኮምጣጤ አሲድ ይዟል፤ ሌሊት ከእንፋሎቱ ጋር ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ዚንኩን ይበላዋል።

ዝገት ኤሌክትሪካዊ ክስተት መሆኑን አሜሪካዊው ዊሊስ ዊትኒ እ.ኤ.አ. በ1903 በግልጽ ጽፎታል። በዓይን እንዲታይ ያደረገው ግን የካምብሪጁ ዩሊክ ኤቫንስ ነው። ኤቫንስ በ1920ዎቹ የሠራው ሙከራ በየትኛውም የሁለተኛ ደረጃ ቤተ ሙከራ ሊደገም ይችላል። በደንብ በተፈተገ ብረት ላይ አንድ ጠብታ የጨው ውሃ ይንጠባጠባል። በውሃው ውስጥ ሁለት ጠቋሚዎች አሉ፤ አንዱ የሟሟ ብረት ሲያገኝ ሰማያዊ ይሆናል፣ ሌላው ፊኖልፍታሊን ነው፣ አልካላይን ሲያገኝ ይቀላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የጠብታው መሃል ሰማያዊ፣ ዳር ዳሩ ሮዝ ይሆናል። ዳሩ ስስ ስለሆነ አየር ቶሎ ይደርሰዋል፤ ብረቱ የሚሟሟው ግን አየር ባጠረው መሃል ላይ ነው። በአንድ ጠብታ ውስጥ አንድ ሙሉ ባትሪ ተሠርቷል ማለት ነው። ማክሰኝት መረሬ ውስጥ የተቀበረው ቱቦም ከዚህ ጠብታ የሚለየው በመጠኑ ብቻ ነው።

ከኤቫንስ ወዲህ ሙያው ተቋም ማበጀት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1943 በአሜሪካ የነዳጅና የጋዝ ቧንቧ የሚጠብቁ አሥራ አንድ መሐንዲሶች ተሰባስበው የዝገት መሐንዲሶችን ማኅበር መሠረቱ፤ ኔስ በሚል አጭር ስም በዓለም የታወቀው ይኸው ማኅበር በ2021 ከቀለምና ሽፋን ባለሙያዎች ማኅበር ጋር ተዋሃደ። ብራስልስ ውስጥ ማርሴል ፑርቤ ብረት በየትኛው የአሲድነት መጠንና በየትኛው ቮልቴጅ እንደሚዝግ፣ በየትኛውስ እንደማይነካ የሚያሳዩ ሥዕላዊ ካርታዎች አዘጋጅቶ በ1951 የዝገት ጥናት ማዕከል አቆመ። የአውሮፓ የዝገት ፌዴሬሽን በ1955 ተቋቋመ። ሞስኮ ደግሞ የራሷ ጠንካራ ወገን ነበራት፤ ፍሩምኪን በኤሌክትሮኬሚስትሪ፣ አኪሞቭና ቶማሾቭ በብረት ዝገት። ይህ የሞስኮ ወገን ለእኛ ታሪክ ቅርብ ነው።

ጣና ዙሪያ የብረት ሥራ በውጭ መምህራን አልተጀመረም። በጎንደር አካባቢ የቤተ እስራኤል አንጥረኞች ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ጦሩን ለትውልዶች ሲቀጠቅጡ ኖረዋል። ማኅበረሰቡ የእጃቸውን ሥራ እየፈለገ እነሱን ግን ቡዳ እያለ ይሸሻቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ችግሩ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። ስድቡ ያስከተለውን ጉዳት በገንዘብ መለካት አይቻልም። ብረት እንዴት እንደሚጠነክር፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ፣ ምን ሲቀባ እንደሚቆይ የሚያውቁት ሰዎች ዕውቀታቸውን ከቤተሰባቸው ውጭ የሚያወርሱበት ትምህርት ቤት አልነበራቸውም። አብዛኞቹም በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ።

ብረትን በተቋም ደረጃ ለማስተማር ከተደረጉት ቀደምት ሙከራዎች አንዱ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ነበር። ዳግማዊ አፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ ዓ.ም. ከስዊዘርላንዱ ክሪስቾና የመጡትን የእጅ ባለሙያ ሚሲዮናውያን እዚያ አስቀምጠው መድፍ አስቀለጡ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ከእነሱ ሥር ሙያ ይማሩ ነበር። ከዚያ የወጣው ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተጎትቶ መቅደላ ወጣ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. ካለፉ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ትቶት ሄደ፤ ክረምት ከበጋ ሲፈራረቅበትም ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ቆየ። የቆየው ተራ ብረት ስላልሆነ ነው። መዳብ የበዛበት ቅልቅል በአየርና በዝናብ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ጥብቅ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑም ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የብረት ዝገት ግን ፍርፍር ነው፤ እየረገፈ አዲሱን ብረት ለአየር ያጋልጣል። መቅደላ አምባ ላይ የተኛው መድፍ ለዝገት ተማሪ ትልቅ የመማሪያ ናሙና ነው፤ ዝናቡና ፀሐዩ ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ የሠሩት ሙከራ።

ጋፋት ከቴዎድሮስ ጋር አበቃ። ከዚያ በኋላ የሙያ ትምህርት ረጅም ዘመን ጠብቆ በአዲስ አበባ ተነሳ፤ በ1934 ዓ.ም. ተግባረ ዕድ፣ በ1945 ዓ.ም. ደግሞ የምህንድስና ኮሌጁ። ወደ ጣና የተመለሰው በ1955 ዓ.ም. ነው።

አፄ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1959 ሞስኮን ጎብኝተው ነበር። ከዚያ ጉብኝት ማግስት ከሶቪየት ኅብረት ጋር የተጀመረው የቴክኒክ ትብብር ለባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩትን አመጣላት። ጊዜው ከተማዋ ፋብሪካ የምታቆምበት ነበር። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከጣሊያን በተገኘው የጦር ካሣ ተተክሎ ሥራ ጀምሯል፤ 11.4 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫም እ.ኤ.አ. በ1964 ተመረቀ። ፖሊቴክኒኩ ለእንዲህ ያለ ከተማ የሚሆን ቴክኒሺያን ሊያወጣ ተከፈተ፤ የእርሻ መካኒክስ፣ የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ፣ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂ፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ኤሌክትሪክ፣ እንጨት።

ከእነዚህ ውስጥ ሁለቱን ነጥዬ ልያቸው፤ የብረታ ብረት ቴክኖሎጂና የኢንዱስትሪ ኬሚስትሪ። ዝገትን ለመረዳት ከሚያስፈልገው ዕውቀት አብዛኛው በእነዚህ ሁለት ክፍሎች ውስጥ አለ። የብረታ ብረቱ ተማሪ ብየዳ ሲበይድ ከመገጣጠሚያው ግራና ቀኝ ያለው ብረት በሙቀት ባሕርዩ እንደሚለወጥ ይማራል፤ ዝገትም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። የኬሚስትሪው ተማሪ ውሃ ይመረምራል፣ አሲድ ይለካል፣ ጨው ይቆጥራል። አንዱ ብረቱን ያውቃል፣ ሌላው ብረቱን የሚበላውን። በአንድ ግቢ ሆነው፣ ዝገትን በሳይንስ ካጠኑት ጠንካራ አገሮች አንዷ ባሰናዳችው ትምህርት ቤት። ትምህርቱ በዲፕሎማ ደረጃ ነበር፤ ምርምር ለማካሄድ የቆመ ቤት አልነበረም። ሆኖም ለምርምር የሚሆን መሠረት ነበረው።

በዚያው ከተማ ሁለተኛ ተቋም መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዩኔስኮና በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የሦስትዮሽ ስምምነት የፔዳጎጂ አካዳሚ ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት ሥራ ጀመረ። ዓላማው የአንደኛ ደረጃ ትምህርትን ከገጠር ሕይወት ጋር የሚያዛምዱ ባለሙያዎችን ማፍራት ነበር፤ በኋላ የመምህራን ኮሌጅ ሆነ። የባሕር ዳር ሰው ሁለቱን ግቢዎች ዛሬም ፖሊ እና ፔዳ ይላቸዋል። ሚያዝያ 28 ቀን 1992 ዓ.ም. ሁለቱ ተዋሕደው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በይፋ ተመረቀ።

ውሕደቱ በወረቀት አንድ አደረጋቸው፤ ግቢዎቹ ግን እየሰፉ፣ ክፍሎቹም እየበዙ ሄዱ። ፖሊ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የሜካኒካል፣ የኬሚካል፣ የሲቪልና የውሃ ምህንድስና ቤት ሆነ። ጨርቃ ጨርቁ የራሱ ኢንስቲትዩት አገኘ። ፔዳ ላይ የሳይንስ ኮሌጁ ኬሚስትሪን ያዘ፣ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስናም እዚያው በቀለ። ይህ ሁሉ እድገት ነው፣ ሊደነቅም ይገባል። ዝገት ግን በዚህ ክፍፍል መሃል ወደቀ። ሜካኒካሉ በአንድ ምዕራፍ ያስተምረዋል፣ ኬሚካሉ በሌላ፣ ሲቪሉ ስለ አርማታ ሲያወራ ያነሳዋል፣ ኬሚስቱ የኤሌክትሮኬሚስትሪ ምሳሌ ያደርገዋል። ሁሉም ያውቀዋል፣ የእኔ ነው ብሎ የሚይዘው ግን አይበረክትም።

በአገር አቀፍ ደረጃም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጀምር ለአገር ውስጥ ምርምር በር ተከፈተ፤ ኤሌክትሮኬሚስትሪም በኬሚስትሪ ክፍሉ ከጠነከሩት ዘርፎች አንዱ ሆነ። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1987 መውጣት ጀመረ፤ ገጾቹ የናይጄሪያና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች ስለ ዝገት መግቻ ኬሚካሎች የጻፏቸውን ጥናቶች አስተናግደዋል። የእኛው መጽሔት ለሌሎች አገሮች የዝገት ጥናት መድረክ መሆኑ ያስደስተኛል፤ ከጣና ውሃና ከመረሬው የተገኘ ቁጥር በዚያው መጽሔት ላይ በዝቶ ማየትን ደግሞ እመኛለሁ። ጅማና አዳማ የማቴሪያል ሳይንስና ምህንድስና ክፍሎች አቋቁመዋል። በውጭ ያሉትም አሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ፣ የታላቁ የግእዝ ሊቅ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ልጅ፣ በአሜሪካ በነዳጅ ሕዋስ ምርምር ስሟ የተጠራ ነው። ሥራዋ ስለ ዝገት አይደለም፤ ነገር ግን ብረትን የሚበላው ሳይንስና ከሃይድሮጅን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው ሳይንስ አንድ ነው፤ ሁለቱም የኤሌክትሮንና የአዮን ጉዞ ናቸው።

የዝገት ጥናት ውድ መሣሪያ ብቻ የሚፈልግ ይመስላል። መሠረታዊው ሙከራ ግን በማንኛውም ዩኒቨርሲቲ ይሠራል። ተማሪው ከላሜራ ላይ ሁለት ጣት የምታህል ቁራጭ ይቆርጣል። በብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ለስላሳው እያለ እስክታበራ ይፈትጋታል፣ በአሴቶን ያጥባታል፣ ያደርቃታል። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ አትነካም፤ የጣት ላብ ጨው አለበት። የግራምን አሥር ሺህኛ በሚለይ ሚዛን ይመዝናታል፣ በክር አንጠልጥሎም ውሃው ውስጥ ይነክራታል። ከ30 ቀን በኋላ ያወጣታል፣ ዝገቱን ብቻ በሚያነሳ ፈሳሽ ያጥባታል፣ እንደገና ይመዝናታል። ጠቅላላ ገጿ 20 ካሬ ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ በነዚያ 720 ሰዓቶች 100 ሚሊ ግራም ከጎደላት ብረቱ በዓመት 0.077 ሚሊ ሜትር እየሳሳ ነው ማለት ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር የሆነ ላሜራ ከአንድ ወገን በዚህ ፍጥነት ቢበላ ሃያ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ዝገት ግን ሁልጊዜ እኩል አይበላም፤ አንድ ነጥብ ላይ ተተክሎ ይቦረቡራል፣ ቱቦውም ከስሌቱ በፊት ይበሳል። ስለዚህ ጥሩ መምህር ተማሪውን ሚዛኑን ብቻ እንዲያምን አይተወውም፤ ቁራጯን በማጉያ መነጽር ሥር አድርጎ ጉድጓዶቹን ያስቆጥረዋል።

ወር መጠበቅ የማይችል ተመራማሪ ፖቴንሽዮስታት ይጠቀማል፤ ብረቱን በትንሽ ቮልቴጅ እየነካካ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ ይለካል፣ የዝገቱንም ፍጥነት በሰዓታት ውስጥ ይገምታል። በአገራችን የኬሚስትሪ ክፍሎች ይህን መሣሪያ በመድኃኒትና በውሃ ውስጥ ያሉ ነገሮችን ለመለየት በደንብ ያውቁታል። ለሲቪል መሐንዲሱ ፌሮ ማዋል የሚቀረው የአንድ ከተማ መንገድ መሻገር ነው።

ከዕፀዋት የሚገኝ ዝገት መግቻ በአሁኑ ጊዜ በዓለም ብዙ የሚጠና ርዕስ ነው። ታኒን የበዛበት ቅጠል ወይም ልጥ ይቀቀላል፣ ጭማቂው በአሲድ ውስጥ ይጨመራል፣ ሞለኪውሎቹ በብረቱ ገጽ ላይ ተለጥፈው አሲዱን ያርቃሉ። ለተማሪ መመረቂያ ጥሩ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ዕፀዋታችንም ብዙ ናቸው። ነገር ግን አንድ ነገር በግልጽ መናገር እወዳለሁ። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጥናት ብረቱን የሚነክረው ጠንካራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ነው። ማክሰኝት ውስጥ በዚያ አሲድ የሚሞላ ቱቦ የለም። የእኛ ችግር የወንዝና የጉድጓድ ውሃ፣ ዝናብና ጭቃ ነው፤ ጥናቱም ወደዚያ መውረድ አለበት።

ስለ ጉድጓድ ውሃ ካነሳን፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በምዕራብ አፍሪካ ላንገኔገር የተባለ ባለሙያ የእጅ ፓምፖችን መርምሮ ብዙዎች ያልጠረጠሩትን አገኘ። ሕዝቡ ውሃው ቀይ ነው፣ ልብስ ያበላሻል፣ ብረት ብረት ይላል እያለ ጉድጓዶቹን ይተው ነበር፤ ተጠያቂው የከርሰ ምድሩ ውሃ ነው ይባል ነበር። በብዙ ጉድጓዶች ግን ብረቱ የሚመጣው ከፓምፑ ከራሱ ነበር። የውሃው የአሲድነት መለኪያ፣ ፒኤቹ፣ ከ6.5 ሲወርድ የጋልቫናይዝድ ቱቦው ዚንክ ቶሎ ያልቃል፣ ከዚያ ብረቱ ይበላል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከመግጠም በፊት ፒኤቹን መለካት፣ ዝቅ ካለ ፕላስቲክ ወይም የማይዝግ ብረት መምረጥ። ለዚህ የሚያስፈልገው መለኪያ ኪስ ውስጥ ይገባል። ባለማወቅ የተበላሸው ጉድጓድ ግን እናቶችን ወደ ወንዝ ይመልሳቸዋል።

አርማታም ዝገት አለበት፤ ያውም በማይታይበት ቦታ። ጤነኛ ኮንክሪት ፒኤቹ ከ12 በላይ ስለሆነ ፌሮው በስስ ሽፋን ተጠብቆ ይኖራል። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ግን በየዓመቱ ጥቂት እየገባ ይህን የአልካላይን ኃይል ያዳክመዋል። የተዳከመበት ጥልቀት ፌሮው ጋ ሲደርስ ዝገት ይጀምራል፤ ዝገቱ ከብረቱ እጥፍና ከዚያ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የቀድሞው የሕንፃ ደንባችን እርጥበት ላለበት ቦታ 25 ሚሊ ሜትር የኮንክሪት ሽፋን ያዘዘው ለዚህ ነው። በሥራ ቦታ ላይ ፌሮውን ከሻተሩ የሚያርቀው ትንሽ የኮንክሪት ጠጠር ሲረሳ ሽፋኑ አሥር ሚሊ ሜትር ሆኖ ይቀራል፣ የሕንፃው ዕድሜም ያጥራል። ምርመራው የኤቫንስ ዘመድ ነው። ከኮንክሪቱ ትንሽ ተፈርፍሮ ፊኖልፍታሊን ይረጭበታል፤ የቀላው ጤነኛ ነው፣ ያልቀላው ተዳክሟል። ባሕር ዳር በ2016 ዓ.ም. 380 ሜትር ርዝመት ያለውን አዲሱን የዓባይ ድልድይ አስመርቃለች፤ ጎኑ ያለው የቀድሞው ድልድይ ከስድሳ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሁለቱ ጎን ለጎን መቆማቸው ለፖሊ ተማሪዎች የማይገኝ ዕድል ነው፤ አንዱ ገና ሲጀምር፣ ሌላው ከነዕድሜው፣ በአንድ አየርና በአንድ ውሃ ላይ።

የጣና ውሃ ጨው የሌለው ስለሆነ ከምጽዋ ባሕር ጋር አይወዳደርም። በዚህ ምክንያት ከባሕር አገር የመጣ ልማድ ሁሉ እዚህ አይሠራም። በባሕር ላይ የመርከብ ሆድ የሚጠበቀው በዚንክ ቁራጭ ነው፤ ጨው ባነሰው ውሃ ውስጥ ግን ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ስለማያልፍ ዚንክ ኃይሉ አይበቃም፣ ማግኒዥየም ይመረጣል። ይህን የሚያውቅ ሰው ጀልባ ሠሪው አጠገብ መኖር አለበት።

ከሁሉም በላይ የሚጎድለን ለአካባቢያችን የተለካ ቁጥር ነው። የዓለም ደረጃ የከባቢ አየርን የዝገት ኃይል በስድስት ይከፍላል፤ የአንድን ቦታ ደረጃ ለማወቅ ሦስት ሦስት የብረት፣ የዚንክ፣ የመዳብና የአሉሚኒየም ቁራጮች በመደርደሪያ ላይ ወደ ደቡብ አዘንብለው ለአንድ ዓመት ይሰቀላሉ። መጀመሪያው በጣም የሚያዝገው ወቅት እንዲሆን ይመከራል፤ ለእኛ ሰኔ ነው። አንድ መደርደሪያ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር፣ አንድ ጎርጎራ፣ አንድ ማክሰኝት። ማክሰኝት ላይ ከዚህ በተጨማሪ የቱቦ ቁራጮች በመረሬው ውስጥ አንድ ሜትር ገደማ ጠልቀው ይቀበራሉ፤ አንዳንዱ እርቃኑን፣ አንዳንዱ ጋልቫናይዝድ፣ አንዳንዱ ሬንጅ የተቀባ፣ በየዓመቱም ጥቂቶቹ ወጥተው ይመዘናሉ። መቁረጡና መበየዱ የፖሊ ወርክሾፕ ሥራ ነው፣ መመዘኑና አፈሩን መመርመሩ የፔዳ። ማክሰኝት የምትቀርበው ለጎንደር ስለሆነች ጥበቃውን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ቢይዘው ይመቻል። ውጤቱ ከመመረቂያ ጽሑፍ መደርደሪያ ወጥቶ ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት፣ ለቆርቆሮ ነጋዴውና ለበያጁ በአማርኛ በአንድ ገጽ ይሰጥ፤ የትኛው ቱቦ፣ በየትኛው አፈር፣ ስንት ዓመት።